ሰማንያ ዘጠኝ ሌሊት

ናታን በእንቅልፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኸው በመስቀል ሌሊት ነው። እናቱ ሐሴት እንደ ልማዷ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ውዳሴ ማርያሟን ይዛ ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ የሰማችው ጩኸቱን ሳይሆን አልጋው ግድግዳውን ሲመታ ነው። ኳ ኳ ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ደግሞ ኳ። መጽሐፏን አጠፈችው። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ከባሏ ጋር አንድ አልጋ ላይ አሥራ አምስት ዓመት ሰምታዋለች።

ገብታ አየችው። ልጇ በጀርባው ተኝቷል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ እጆቹ ግን አየሩን ይጨብጣሉ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ መሰላል እንደሚወጣ ሰው። ሥራውም ይኸው ነው፤ ከከተማው በላይ ጋራው ላይ የቆሙትን የመብራት ማመንጫ የነፋስ ማማዎች እየወጣ ይጠግናል። እግሩ የአልጋውን ግርጌ ይገፋል። «ገመዱን ያዝ፣ ገመዱን» ብሎ ጮኸ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። ሐሴት አልቀሰቀሰችውም። መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ እስኪበርድለት ጠበቀች። ለአባቱም እንደዚሁ ነበር የምታደርገው።

አባቱ ኪሩቤል ደህና ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። የአውቶቡስ ሹፌር ስለነበር በእንቅልፉ መሪ ያዞራል፣ ፍሬን ይረግጣል። አንድ ሌሊት በክርኑ የፊት ጥርሷን አወለቀው። ጠዋት እሱ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ እሷ ለሰፈሩ በር መታኝ አለች። እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው። ከዚያ የትንሿን ልጁን የምዕራፍን ስም ረሳ። ከዚያ ምግብ እንዴት እንደሚዋጥ ረሳ። የሞተው የፍራሽ ሕግ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል። ሕጉ መጥቶ ቤተሰቡ ሲመዘገብ «የአባት የሞት ምክንያት» ከሚለው ቦታ ላይ ሐሴት የሳንባ ምች ብላ አስጻፈች። እሷ እንደ ውሸት አልቆጠረችውም። የመጨረሻዋን ሳምንት ሳንባው ነበር።

ሕጉ ከመጣ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚተኛው የሌሊት እንቅስቃሴውን በሚመዘግብ ፍራሽ ላይ ነው፤ ጠዋት የሚጀምረውም ከፍራሹ ግርጌ በምትወጣው ወረቀት ነው። የሁለት ጣት ስፋት አላት። ነጭ ከሆነች ሰው ቀድዶ ኪሱ ይከታትና ወደ ቁርሱ ይሄዳል። ጥቁር መስመር ካለባት ግን ሐሙስ ሐሙስ ቤት ለቤት የሚዞረው ፍራሽ አንባቢ ያያታል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። ጥቁር ሌሊት የበዛበት ሰው ወረቀቱ ወደ ቢጫ ይዞራል። ቢጫ ይዞ መኪና መንዳት የለም፣ ማማ መውጣት የለም። ቤት ያከራየውም ሰው ትንሽ ቆይቶ ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ ይላል። በሽታው መጀመሪያ እንቅልፍን እንደሚነካ፣ እጅና አእምሮን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደሚይዝ፣ ከወላጅም እንደሚወረስ ዛሬ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

ሰዉ ጠዋት ሲገናኝ እንዴት አደራችሁ መባባል ትቷል። ሰውን ስለ ሌሊቱ መጠየቅ ነውር ሆነ። ጠዋትም ቢሆን የሚባለው እንዴት ዋላችሁ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ወተት ልትገዛ የወጣች ሴት ጎረቤቷን እንዴት ዋልሽ ትላታለች፣ ማንም አይስቅም። ማኅሌት የሚቆሙ ካህናት ለሌሊቱ ፈቃድ ያወጣሉ። ለቅሶ ቤት የሚያድር ሰው ቀድሞ የሐዘን ሌሊት ብሎ ያስመዘግባል፣ አለዚያ ይጠቁርበታል።

የዚያን ዕለት ጠዋት የናታን ወረቀት ግማሿ ጥቁር ሆና ወጣች። አምጥቶ ለእናቱ አሳያት። ሲስቅ ጥርሱ እንደ አባቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማማ ስወጣ ነው ያደርኩት፣ የትርፍ ሰዓት ይከፍሉኝ ይሆን ብሎ ቀለደ። ሐሴት ግን አልሳቀችም። አስቀመጠችውና ስለ አባቱ እንቅልፍ ነገረችው። ግማሹን ያውቅ ኖሯል። በልጅነቱ በግድግዳው በኩል ይሰማ ነበር።

ከዚያ ስለ ምዕራፍ አወሩ። ምዕራፍ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ አስተማሪ ናት፣ አሮን የሚባል ደግ ልጅ ይወዳታል። የአሮን ቤት ሽማግሌዎች በጥቅምት ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል። ድሮ ሽማግሌ ሲመጣ ዘር ነበር የሚቆጠረው፣ እስከ ሰባት ቤት። አሁንም ይቆጠራል። ከዘሩ በኋላ ግን በልጅቷ ቤት ጣራ ሥር የሚያድረው ሰው ሁሉ የእንቅልፍ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ከመሐሉ አንድ ቢጫ ከተገኘ ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ሳይነኩ ይነሳሉ። ወደዚያ ቤት ሌላ ሽማግሌም አይመጣም።

ሐሴት ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ስልሳ ያለፈው ሰው ፍራሹ አይነበብም። እናም እንዲህ አለችው፦ እስከ እህትህ ሠርግ ድረስ አንተ እኔ ክፍል የአያትህ ቁርበት ላይ ተኛ፣ እኔ አንተ ፍራሽ ላይ እተኛለሁ። ሠርጉ ለጥር ነው የታሰበው፣ ምን አላት።

ናታን ወገብሽስ አላት። የአንተ ፍራሽ ከእኔው ይሻላል አለችው። መድኃኒት አለው ሲባል ሰምቻለሁ አላት። አለው፣ ከሠርጉ በኋላ ራሴ እወስድሃለሁ አለችው።

ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከቅዳሴ በኋላ ለሴቶቹ ማኅበር ስታስተምር ሰምታለች። መድኃኒቱ በሽታውን የሚይዘው ከመጀመሪያው ጩኸት አንስቶ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ከተጀመረ ነው። ካለፈ አለፈ፣ የሚደረግ ነገር የለም። ሐሴትን ዘጠኝ ወር መቁጠር ማንም አያስተምራትም፤ ሁለት ጊዜ ቆጥራለች። ከመስከረም አሥራ ሰባት እስከ ሰኔ አሥራ ሰባት። ሠርጉ ጥር ነው። ከጥር እስከ ሰኔ ብዙ ነው። ይህን ብትነግረው ነገሩን እሱ መቁጠር ይጀምራል ብላ ፈራች። ስለዚህ ቁጥሩን ለራሷ ያዘችው።

ሐሙስ ዕለት ፍራሽ አንባቢው መጣና ያቺን ጥቁር ሌሊት አያት። ምን ሆኖ ነው አለ። ሐሴት መስቀል አይደል እንዴ፣ ጠላ ነው አለችው። ሰውዬው ሳቅ ብሎ ከጎኑ «ጠላ» ብሎ ጻፈበት። እሷ ስትሸኘው ፍራሽ ነፍስ የለውም፣ በፍራሽ የዋሸ ሰው በማን ላይ ዋሸ ይባላል ብላ አሰበች። ይህን ሐሳብ ብዙ ቀን ደጋገመችው።

ምዕራፍ ወንድሟ ቁርበት ላይ ሲተኛ አየች። ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው መጡ። አራት ነበሩ፣ ትልቁ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ጡረተኛ ዳኛ ናቸው። ዘር ተቆጠረ፣ አልተገናኘም። ከዚያ ወረቀት ቀረበ። ዳኛው የናታንን የወረቀት ጥቅል እየዘረጉ ሲያዩ ቆዩና ቀና አሉ።

«ይሄ ልጅ መነኩሴ ነው እንዴ? በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል፣ ሩብ ጉዳይ ለአሥር ይመለሳል። ከዚያ እስኪነጋ ንቅንቅ የለም።»

ሐሴት እጇ ላይ የያዘችው ሳህን ከበዳት።

«እናቴ ናት ያስለመደችኝ» አለ ናታን።

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ደስ አላቸው። ዳኛው እንዲህ ዓይነት እንቅልፍ በዚህ ከተማ አላየሁም፣ እህቲቱን ትተን ለእሱ ሚስት እንፈልግ ይሆን አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ ናታንም ሳቀ። ሐሴት ወደ ጓዳ ገብታ ሳህኑን አስቀመጠችና እመቤቴን አመሰገነች። ምን ብላ እንዳመሰገነች በኋላ ስታስበው አፈረች።

ያ በጋ እንዲህ ሄደ። ናታን ቁርበቱ ላይ ይጮኻል፣ ማማ ይወጣል፣ አንዳንዴ ግድግዳውን በጡጫ ይመታል። ሐሴት ከእሱ ፍራሽ ላይ ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ትሰማለች። ስትሰማ ንቅንቅ አትልም፣ ፍራሹ ይቆጥራልና። ልጇ ሲጮኽ ተነስታ ደረቱን መያዝ አልቻለችም። የምትችለው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ለጸሎቷ በምትነሳባት በዚያች አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ውዳሴ ማርያሟን በቁርበቱ አጠገብ ተንበርክካ፣ አንድ እጇን ልጇ ላይ አድርጋ ትደግማለች። ሰዓቱ ሲደርስ ተመልሳ ትተኛለች። ጠዋት ናታን ጉልበቱን እያሸ ይመጣና «እማዬ፣ ዛሬስ ምን አልኩ?» ይላታል። ምንም አላልክም ትለዋለች።

ለሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው የአሮን አያት ሞቱ። ሐሴት ለቅሶ ሄዳ ከዘመዶቹ በላይ አለቀሰች። የአሮን እናት ሶልያና በኋላ ለሰው ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ይገኛል፣ አባቴን አንድ ቀን ሳታያቸው እንደ ልጅ አለቀሰችላቸው እያለች አወራች። ሐሴት እያለቀሰች ትቆጥር እንደነበር ሶልያና አላወቀችም። ሐዘን ቤት ዘፈን አይገባም፣ ቢያንስ አርባው መውጣት አለበት። አርባው ሳይወጣ ዐቢይ ጾም ይገባል። በጾም ሠርግ የለም። ስለዚህ ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተባለ፣ ግንቦት ሦስት። ሐሴት በጣቷ ቆጠረች። ከግንቦት ሦስት እስከ ሰኔ አሥራ ሰባት አንድ ወር ከአሥራ አራት ቀን ነው። ይበቃል አለች። መድኃኒት መጀመር የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በጾሙ ውስጥ አንድ ጠዋት ናታን ቅንድቡ ተሰንጥቆ ተነሳ፣ የአልጋዋን እግር መትቶ ነው። ለሥራ ጓደኞቹ በር መታኝ አላቸው። ይህን ማታ እየሳቀ ሲነግራት ሐሴት ምላሷን ያቺ ጥርስ የነበረችበት ቦታ ላይ አደረገች።

ሆሳዕና ሳይደርስ ለንስሐ ሄደች። የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሰንበት በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ሰው ሲናዘዝ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ የተኙ ይመስላሉ። በፍራሽ ዋሽቻለሁ አባቴ ብላ ጀመረች። ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ቁጥሩንም ጭምር። ስትጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ልጁ ቁጥሩን ያውቃል?»

«አያውቅም አባቴ።»

«እንግዲያው በፍራሽ አልዋሸሽም። በልጅሽ ነው የዋሸሽው። ዛሬ ሄደሽ ንገሪው።»

ሐሴት ሠርጉ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው አለቻቸው። ካርዱ ተበትኗል፣ የልጅቷ ልብስ ተሰፍቷል። ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ፣ ከሠርጉ በኋላ ብላ ለመነቻቸው።

አባ መስቀላቸውን አንስተው አሳለሟትና፣ «እሺ። እንግዲያው ቁርባኑም ከሠርጉ በኋላ ይሁን» አሏት።

በትንሣኤ ሌሊት ከኋላ ቆመች። እንደ እሷ ያሉት ሴቶች ቆርበው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲወጡ የእሷ አፍ እንደተገለጠ ነበር። ያየ አየ።

ሠርጉ አማረ። ሐሴት ጨፈረች፣ ሰው እንዲያያት ጭምር ነው የጨፈረችው። ምዕራፍ ስትወጣ እግሯ ላይ ወድቃ ስማት፣ «አውቃለሁ እማዬ» ብላ በጆሮዋ ነገረቻት። ምኑን እንደምታውቅ አልተናገረችም።

መልሱና ቅልቅሉ አልቆ፣ ግንቦት አሥራ አንድ ሰኞ፣ እናትና ልጅ ሆስፒታል ሄዱ። የአንጎል ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ምዕራፍን ታክላለች። የናታንን መዝገብ ከፍታ ስታይ ቆየችና ለምን እንደመጡ አልገባኝም አለች። እንቅልፉ ንጹሕ ነው፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ እንቅልፍ ከሠላሳ ዓመት በታች ባለ ሰው ላይ አይታ አታውቅም።

«እንቅልፉ የእኔ ነው» አለች ሐሴት።

ሁሉንም ነገረቻት። ስትናገር ልጇን አላየችውም፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ነበር የምታየው። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ መዝገቡን ወደ ኋላ መለሰችው።

«አንዲት ሌሊት አለች» አለች። «መስከረም አሥራ ሰባት። ከጎኗ ጠላ ተብሎ ተጽፏል።»

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩት።»

«መድኃኒቱ የሚፈቀደው ዘጠና ጥቁር ሌሊት ለተመዘገበለት ሰው ነው እናቴ። እዚህ ያለችው አንዷ ናት። ሰማንያ ዘጠኝ ይጎድላል።»

ሐሴት ይህን አታውቅም ነበር። ነርሷ ዘጠና አላለችም፣ ወይ ብላ ከሆነ እሷ ዘጠኝ የሚለውን ብቻ ይዛ ሄዳለች።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች። «እያንዳንዷን ሌሊት ሰምቻለሁ። የትኛዋን ልንገርሽ? የገና ዕለት ሌሊት ግድግዳውን መትቶ ጣቱ አበጠ። ጥር ሃያ አንድ፣ በማርያም…»

«አምንዎታለሁ» አለች ሐኪሟ። እውነቷን ነበር፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ፍራሹ ያላየውን ግን እኔ መጻፍ አልችልም።»

ናታን ቀስ ብሎ፣ ለምን ዛሬ ማታ ጀምረን ሰማንያ ዘጠኙን አንሞላም አለ። ሐኪሟ ዘጠኝ ወሩ ሊሞላ ሠላሳ ስድስት ሌሊት ብቻ እንደቀረው ነገረችው። ያኔ ነው ዘጠኝ ወር የሚባል ነገር መኖሩን የሰማው። ወደ እናቱ ዞረ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ሲመለሱ ትልቁን መንገድ ሲሻገሩ እንደ ሁልጊዜው ክንዷን ያዛት፣ ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቃትም። ሐሴት ቢጮኽባት ይሻላት ነበር። ቤት እስኪደርሱ ወደ ኋላ ስትቆጥር መጣች። የአሮን አያት በሞቱ ዕለት ከለቅሶው ቤት ተነስታ ቀጥታ ሆስፒታል ብትሄድ ኖሮ ዘጠናው ሞልቶ ይተርፍ ነበር። ስታለቅስ የቆጠረችው የተሳሳተ ቁጥር ነበር።

ከዚያን ቀን ማታ ጀምሮ ናታን ፍራሹ ላይ ተኛ። ሐሴት ቁርበቱን ከአልጋው ሥር አነጠፈች፣ እንዳይወድቅባት። ጠዋት ጠዋት ወረቀቷ ጥቁር ሆና ትወጣለች፣ ናታን ቀድዶ ይሰጣታል፣ እሷ የመጽሐፏ ገጽ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሰኔ አሥራ ሰባት መጣና ሄደ። በዚያን ቀን ስለ እሱ ማንም ምንም አላለም፣ ሽሮ በሉ። ነሐሴ አሥር፣ በፍልሰታ ጾም፣ ወረቀቷ ቢጫ ሆና ወጣች። ናታን ወደ መስኮቱ ይዟት ሄዶ አገላብጦ አያትና፣ «መስከረም ሳይጠባ አደይ አበባ ደረሰልን» አለ።

መሥሪያ ቤቱ የመወጣጫ ቀበቶውን ተቀበለው። አልጨከኑበትም፣ ከማማው ሥር ካለው መጋዘን አስቀመጡት፣ ብሎን ይቆጥራል። ምሳ ሰዓት ላይ ውጭ ወጥቶ ወደ ላይ እያየ እንደሚበላ ጓደኞቹ ነገሯት። ነገሩ በከተማው ተሰማ። የአሮን እናት ሶልያና ከዚያ ወዲህ በአካል መምጣት ትታ ሰላምታ ብቻ ትልካለች። ሐሴትም ወደ አባ አልተመለሰችም። ከሠርጉ በኋላ ብላ ነበር፣ ሠርጉ አልፏል፣ እግሯ ግን እምቢ አላት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሳልማ ትመለሳለች።

አንድ ነገር ብቻ ለወጠች። ናታን ጠዋት «ምን አልኩ?» ሲላት እንዳለ ትነግረዋለች። ገመዱን ያዝ አልክ። ሦስት ጊዜ አለቀስክ። አንዴ አባትህን ጠራኸው። እሱም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይሰማታል፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚሰማ።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ጠዋት ናታን ቁርሱን እየበላ ሳለ ምዕራፍ መጣች። ገና ፀሐይ አልወጣችም፣ ብርዱ ፊት ይቆርጣል። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ቤታችን ወለሉ ቀዘቀዘ፣ ያን የአያቴን ቁርበት ልዋሰው ብዬ ነው አለች። ስትናገር ወንድሟን አታይም።

ሐሴት ነጠላውን ከፊቷ ገለጥ አደረገችው። የልጅቷ ዓይን ደም መስሏል።

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ምዕራፍ እንደ ሕፃን መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጥቅምት ሃያ አራት ነው የጀመራት። በእንቅልፏ ተማሪ ትቆጣለች፣ ጥቁር ሰሌዳ ታጠፋለች፣ የአሮንን ፊት ስታጠፋ ነው የነቃችው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ፍራሹ ላይ አላንቀላፋችም። ዓይኗን አፍጥጣ፣ ንቅንቅ ሳትል ተጋድማ ታነጋለች፣ ወረቀቷም ነጭ ትወጣለች። ነቅቶ ያልተንቀሳቀሰውን ፍራሹ ከተኛው አይለየውም። እንቅልፏን የምትተኛው ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት፣ የመጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ነው። አሁን ግን አልቻለችም፣ ትናንት ክፍል ውስጥ ቆማ ወደቀች።

«አሮን ያውቃል?» አለቻት ሐሴት።

«ያውቃል። ለእናቱ አልነገራትም።» ምዕራፍ አንገቷን ደፋች። «ወደ እናትሽ ሂጂ፣ እሷ ታውቅበታለች አለኝ።»

ናታን የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ቁርበቱ እዚያው ከናታን አልጋ ሥር ተነጥፏል፣ ከተቀመጡበት ይታያል። ሐሴት ሄዳ ጠቀለለችው። ብብቷ ሥር ይዛው ስትመለስ ናታን «እማዬ» አላት፣ ያን ብቻ።

«ዛሬ ማታ ፍራሽሽ ላይ ትተኛለሽ» አለች ሐሴት ልጇን። «ይጥቆር። ቁርበቱ የእኔ ነው፣ ከአልጋሽ ሥር የምተኛው እኔ ነኝ።»

ምዕራፍ ያስወጡኛል እማዬ፣ ቢጫ ሲወጣ ያስወጡኛል እያለች አለቀሰች። ሐሴት ቢያስወጡሽ ቤትሽ እዚህ ነው አለቻት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ጣቷን ይዛ፣ ቁጥሩን ሁሉ ነገረቻት። ዘጠኙን ወርም ዘጠናውን ሌሊትም፣ ምንም ሳታስቀር። ከጥቅምት ሃያ አራት ተነስተሽ ብትቆጥሪ እስከ ሐምሌ ሃያ አራት ነው፣ ዘጠናው ሁለቴ ይገባበታል፣ ይተርፋልም። ናታን ከጠረጴዛው ሆኖ አብሮ ቆጠረላቸው። ሲጨርስ ልክ ነሽ አላት እናቱን። ድምፁ ደህና ነበር። ካፖርቱን አንስቶ እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ አለ። ቁርበቱን ከእናቱ ብብት ወስዶ ትከሻው ላይ አደረገው።

ሦስቱም በብርዱ ወጡ። ጋራው ላይ የማማዎቹ ክንፎች ይዞራሉ። የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ ቁርበቱን እያየ እንዴት ዋላችሁ ይላል፣ እነሱም ደህና ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ሐሴት ከአጥሩ ውጭ አልቆመችም። በሩ ድረስ ገብታ ደፉን ሳመችና መጣሁ አለች፣ ማንን እንደሆነ ልጆቿ አልጠየቋትም።

የአሮን ቤት በር ላይ ሐሴት ራሷ አንኳኳች። የከፈተችው ሶልያና ናት፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ። መጀመሪያ ሐሴትን አየች፣ ከዚያ የምዕራፍን ዓይን፣ ከዚያ ናታንንና የተሸከመውን። ፊቷ ተለወጠ። ቢሆንም ጨዋ ሴት ናት።

«እንዴት ዋላችሁ?» አለች።

ጎረቤት ቤት ገና መብራት እየበራ ነበር። ሐሴት የልጇን እጅ ያዘች።

«እንዴት አደራችሁ በይን፣ ሶልያና» አለቻት። «ዛሬ እነግርሻለሁ።»